የፈላ ዘይት ልጅ ላይ ፈሰሰ፤ የታንከሩ ውሃ ራሱ ሲያቃጥል ምን ይደረጋል?

ሳምቡሳ ጠባሿ (ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ ሳምቡሳና ባጅያ ጠብሼ እሸጣለሁ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዘይት የነካው የኔን ጣት ብቻ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን የእህቴ ልጅ ተቃጠለብኝ።

ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ ሥራ ስለምትውል እኔ ጋ ነው የሚውለው። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ዙር አውጥቼ፣ ለሁለተኛው ምስር እየሞላሁ ሊጡን አጥፋለሁ። እሱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ያባርራል። ኳሷ ምድጃው ሥር ገባች። ጎንበስ ብሎ ሊያወጣት ሲል ትከሻው የመጥበሻውን እጀታ መታው። እጀታውን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር ያስቀመጥኩት። ዘይቱ ግራ እጁ ላይ ፈሰሰ። ከክርኑ ዝቅ ብሎ እስከ ጣቶቹ ድረስ።

ጩኸቱን አልጽፈውም።

ብድግ አድርጌው ወደ ቧንቧ ሮጥኩ። ቧንቧው ደረቅ ነው። የኛ ሰፈር የውሃ ተራ አልነበረም። ከጣሪያው ታንከር የሚወርደውን ከፈትኩት። የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ከታንከር የሚወርድ ውሃ ምን እንደሚመስል። እጄን ሰድጄ ብሞክረው እኔንም ፈጀኝ። ዘጋሁት።

በዚህ መሀል ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዷ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። አንዷ ቲማቲም ገምሳ፣ አንዷ ጥሬ እንቁላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። እኔ የጥርስ ሳሙናውን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀዝቃዛ ስለሚመስል ይሆናል። ቱቦውን ጨምቄ ጨረስኩት። እጁ ነጭ ሆነ። ከዚያ ባጃጅ አስቁመን ሄድን።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ነርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «ውሃ አፍስሳችሁበታል?» አለች። አይ አልኩ። ምንም አልተናገረችም። እጁን ይዛ ማጠብ ጀመረች። የጥርስ ሳሙናው ደርቋል። ሲነሳ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው። ልጁ ከዘይቱ ይልቅ ያኔ ነው የጮኸው።

ከዚያ ደግሞ አምባሩ መጣ። አያቱ ያሰረችለት ቀጭን የብር አምባር እጁ ላይ አለ። እንኳን ላወልቀው፣ መኖሩንም ረስቼው ነበር። እጁ አብጦ አምባሩ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ጣቶቹ መጥቆር ጀምረዋል። በትንሽ ፒንሳ ቆረጡት። ሲወጣ የእጁ አንጓ ዙሪያውን ቦይ ሠርቶ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ቦይ ነው።

አሁን በየሁለት ቀኑ ቁስሉን እያሳጠብን ነው። ጣቶቹ ይድናሉ ብለውናል፣ አልሐምዱሊላህ። እናቱ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ሥራዬ ይሄው ነው፤ ነገም ዘይት አፈላለሁ፤ ነገም ልጆች ይሮጣሉ። ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ፣ የታንከሩ ሲያቃጥል፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስንት ደቂቃ? መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው ወይስ ውሃ? ቤት ውስጥስ ምን ላስቀምጥ?

ነርስ ነኝ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

እህቴ፣ ልጁን ፈጣሪ ይማርልሽ። አንቺም አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ያንቺ ዓይነት ታሪክ በየሳምንቱ ይገባል። ዘይት፣ ሻይ፣ የሾርባ ድስት፣ ለልብስ ማጠቢያ የፈላ ውሃ። የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹም የሆነ ነገር ተቀብተው ነው የሚመጡት።

ከውሃው ልጀምር። ዋናው እሱ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ባጃጅ።

ሰው ዘይቱ ፈሶ ሲያበቃ ቃጠሎውም ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። የሳምቡሳ ዘይት ግን 180 ገደማ ይደርሳል። ደግሞም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቆዳው ያን ሙቀት ይዞ ይቆይና ወደ ውስጥ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ውሃ የምናፈሰው ዘይቱን ለማጠብ ብቻ ሳይሆን ያን ሙቀት ለማውጣት ነው። ለዚህ ነው 20 ደቂቃ የሚባለው። ሁለት ደቂቃ አይበቃም። ልጁ ማልቀሱን ቢተውም አይበቃም። ስልክሽን አውጥተሽ ሰዓት ያዢ። ሃያ ደቂቃ እየጮኸ ያለ ልጅ ይዞ መቆም ሃያ ዓመት ይመስላል፤ በግምት ከሆነ ማንም አይጨርሰውም።

የታንከሩን ውሃ መዝጋትሽ ልክ ነው። እጅሽን የሚፈጅ ውሃ ለቁስሉ አይሆንም። ለብ ያለ ቢሆን ኖሮ ግን ከምንም ይሻል ነበር። በረዶም አያስፈልግም፤ በረዶ የተጎዳውን ቆዳ መልሶ ይጎዳዋል። ጥላ ላይ የዋለ የጀሪካን ውሃ ፍጹም በቂ ነው።

እኔ ቤት ከበሩ ጀርባ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ። እርጥብ ጆንያ አልብሼዋለሁ። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ውሃው በግንቦትም ቀዝቃዛ ነው። ለመጠጥም ለምንም አይነካም፤ ልጆቼ «የእሳት ውሃ» ይሉታል። በሳምንት አንዴ እለውጠዋለሁ። በጣሳ ቀስ እያልሽ በደቂቃ አንድ ሊትር ብታፈሺ ያ ጀሪካን ልክ 20 ደቂቃ ይወስድሻል። ከሥር ሳፋ አድርጊ። ውሃ ካጠረሽ እጁን ሳፋው ውስጥ ንከሪው፣ ውሃው ሲሞቅ ለውጪው። ሌላውን ሰውነቱን ደረቅ አድርገሽ ሸፍኚው፤ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፣ በድሬ ሙቀትም ቢሆን።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልሽ። እነዚያ ጎረቤቶችሽ ቲማቲምና እንቁላል ይዘው የሮጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። መርዳት ይፈልጋሉ፤ በምን እንደሆነ ግን አያውቁም። «ቀዝቃዛ ውሃ አምጡ!» ብለሽ ብትጮኺ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምስት ጀሪካን ደጅሽ ይደረደር ነበር። ሰው የሚይዘው ነገር ከነገርሽው ይይዛል።

ያመለጠሽ ከመሰለሽም ይሄንን እወቂ። ከቃጠሎው በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል ቢዘገይም ውሃው ይጠቅማል። ነርሷ ስታጥበው ውሃው ራሱ ሕክምና ነበር።

አምባር፣ ቀለበት፣ ክር፣ ጫማ፣ ሁሉም እብጠቱ ሳይመጣ ይወልቃል። ውሃው እየፈሰሰ ሌላ ሰው ያውልቅ። ልብሱም ዘይቱን ይዞ ይቆያልና አውልቂው። ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቺ፤ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጪው።

የጥርስ ሳሙናው ቀዝቃዛ የሚመስለው ሚንት ስላለው ነው። ሚንት ነርቭን «ቀዘቀዘ» ያሰኘዋል እንጂ ቆዳውን አያቀዘቅዝም። ከላይ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። እኛም ቁስሉ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት መፋቅ አለብን፤ እሱን አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል። ቅቤም፣ የቡና ዱቄትም፣ ሊጥም እንደዚሁ ነው። ጥሬ እንቁላል ላይ ደግሞ ጀርም አለ፤ ክፍት ቁስል ላይ ማድረግ ለጀርሙ በር መክፈት ነው።

ከውሃው በኋላ ንጹህ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ አድርጊበት። የታጠበ የትራስ ልብስ ይሆናል። ጥጥ አይሁን፤ ይጣበቃል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪ። ለሕመሙ የፓራሲታሞል ሽሮፕ በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ሆስፒታል መሄድ የግድ የሚሆነው መቼ ነው ለሚል፦ የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ አንድ በመቶ ያህል ነው። ቃጠሎው ከዚያ ከበለጠ ሂጂ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መጋጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ ትንሽም ቢሆን ሂጂ። ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሕመም ከሌለው ደግሞ ተሽቀዳደሚ፤ አለማመሙ የሚያስደስት ነገር አይደለም፣ ነርቩ ራሱ ተቃጥሎ ነው። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ከላይ ምንም ባይታይበትም መታየት አለበት። የክትባት ካርዱን ያዢ፤ ቴታነስ መከተቡን እናያለን።

ሌላው፣ አቦ ይሄን ሁላችሁም ስሙኝ፦ መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ራሱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት። ዘይቱ ይፈነዳል፣ እሳቱ እስከ ፊት ይደርሳል። ክዳን ከጎን ገፋ አድርጋችሁ ክደኑት። ጋዝ ከሆነ ዝጉት። መጥበሻውን አንስታችሁ ለመሮጥ አትሞክሩ።

የቀፊራ ልጅ

ነርሷን አከብራለሁ። ግን እኛ ሁላችን በጥርስ ሳሙና ነው ያደግነው። እናቴ ብረት ምጣድ ሲያቃጥለኝ እሱን ትቀባኝ ነበር፤ ዛሬ ጠባሳ እንኳ የለኝም። ሁሉም የድሮ ነገር ስህተት ነው ማለት ይከብደኛል።

ነርስ ነኝ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ወንድሜ፣ እናትህን ይጠብቅልህ። ያንተ ቃጠሎ ቀላል ነበር። ቀላል ቃጠሎ ምንም ሳይደረግለት በሳምንት ሁለት ሳምንት ይድናል፤ የዳነው ሰውነትህ ነው፣ ምስጋናውን የወሰደው ግን ሳሙናው ነው። ከባድ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል። እኔ ደግሞ የማየው ከባዱን ነው። የድሮ ነገር ሁሉ ስህተት ነው አላልኩም። «እሳት የነካውን ውሃ አፍስሱበት» ያለችን አያቴ ነበረች፤ ትክክል ነበረች።

ባለባጃጅ (ከዚራ፣ ለገሃሬ)

እኔ በዚህ ሥራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የታመመ ሰው ስንቴ እንደጫንኩ አላስታውስም። ሰዎች «ቶሎ ቶሎ!» ሲሉኝ እበራ ነበር። አሁን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። የተቃጠለ ልጅ ይዘው ሲመጡ ውሃ አፍስሳችኋል ወይ እላለሁ። ካላፈሰሱ ውሃ ሳልሰጣቸው አልነዳም። ከመቀመጫዬ ሥር ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሁሌም አለ፤ እየሄድን ያፈሱበታል። ባጃጄ ይረጥባል፣ ይድረቅ፣ ምን ችግር አለ።

የማያውቅ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውሉ ሰፈሩን፣ ቅርብ ያለውን መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ንገሩ። ስልኩን መጀመሪያ እናንተ አትዝጉት። አንድ ሰው አስፋልት ዳር ወጥቶ ይቁም። በመጋላ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ቤት ፍለጋ ብዙ ጊዜ ይበላል።

ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም ይሄን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ባለፈው ዓመት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ አንድ ወጣት የሚጥል በሽታው ተነሳበት። ሰው ከቦታል። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያጨሳል። ሌላው ማንኪያ ጥርሱ መሀል ሊከት ይታገላል። ለሃጩ እንዳይነካቸው ደግሞ የቀሩት ይሸሻሉ። የቀይ መስቀልን ስልጠና ወስጄ ስለነበር ገባሁ። ክብሪቱን አስጠፋሁ። ማንኪያውን ተቀበልኩ። ጃኬቴን ከጭንቅላቱ ሥር አደረግኩ። አልያዝኩትም፣ አላሰርኩትም። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆየ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኛሁት፤ ለሃጩ ወደ ውጭ ፈሰሰ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ነው ወደ ሆስፒታል የሚሮጠው። በሽታው የአንጎል ነው፣ በለሃጭ አይተላለፍም። ልጁ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው የኔን ፊት ነው። አፈረ። «ምንም አልሆንክም፣ ወንድሜ» አልኩትና ቤቱ አደረስኩት።

በ1998 ክረምት የድሬ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ጎርፉ ውስጥ ገብተው ሰው የሚጎትቱት ጎረቤቶች ነበሩ። ማንም ከሩቅ እስኪመጣ አልጠበቁም። ለዛ ነው ይሄ ስልጠና ለሁሉም ባለባጃጅ ይሰጥ የምለው።

እናት ከሐረር (ጀጎል)

እህት ሆይ፣ አታልቅሺ። እኔም ደርሶብኛል፣ በሌላ ነገር። ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጌ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። የሁለት ዓመቷ ልጄ ውሃ መስሏት አንድ ጉንጭ ጠጣች። አማቴ ወተት አጠጪያት፣ ጣትሽን ጉሮሮዋ ስደጂ አለችኝ። አደረግኩት። አስመለሳት። ከዚያ ማሳል ጀመረች፤ ትንፋሿ ጠበበ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ላምባ ሆድ ውስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ይብሳል። የሚገባው ደግሞ ሲያስመልሳት ነው። ብዙ ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛች። ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እልል በሉልኝ።

በረኪናም እንደዚያው ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስ ይደግመዋል። አፏን በውሃ ማጉመጥመጥ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ። በጠርሙሱ ምን እንደጠጣች ያውቃሉ። አሁን ላምባዬ በቢጫ ጀሪካን ነው፤ የሚቀመጠውም ከቁም ሳጥን በላይ። በሃይላንድ ላምባ የሚሸጥላችሁ ካለ አትቀበሉት፤ የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ሳምቡሳ ጠባሿ (ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እህቴም አነበበችው።

ጀሪካኑን አዘጋጅቻለሁ። ጆንያ አልብሼ ከምድጃው ሦስት እርምጃ ርቆ ጥላ ላይ ተቀምጧል። ጣሳው አንገቱ ላይ ታስሯል። የመጥበሻው እጀታ አሁን ወደ ግድግዳው ነው የሚዞረው። በምድጃው ዙሪያ ድንጋይ ደርድሬ አጥሬዋለሁ፤ ኳስም አያልፍም። የዛን ቀን የጥርስ ሳሙና ያመጣችልኝን ጎረቤቴን ቡና ጠርቼ የነርሷን ጽሑፍ አነበብኩላት። አለቀሰች። እሷም ጀሪካን ገዛች። ሁለታችን ተስማምተናል፤ አንዳችን ብንጮህ ሌላዋ ውሃ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ምን ሆነ ሳትል።

ልጁ እየተሻለው ነው። ፋሻው እያንዳንዱን ጣት ለብቻ ነው የሚጠቀለለው፤ እንዳይጣበቁ ነው አሉ። በቀን አምስት ጊዜ ጭብጥ፣ ዘርጋ እናሠራዋለን። አራቱ ይታጠፋሉ። ትንሿ ጣት ገና ናት።

ነርሷ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ፋሻው ሲነሳ ውጭ መጫወት ይችላል? ኳሱን ደብቄበት በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ነርስ ነኝ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ይችላል። ኳሱን መልሺለት። አዲሱን ቆዳ ግን ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ረጅም እጅጌ ያለው ስስ የጥጥ ልብስ አልብሺው፣ አለበለዚያ ይጠቁራል። ቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ። ለትንሿ ጣት ሳትታክቱ አሠሩት፤ ዝም ከተባለች ታጥፋ ትቀራለች። በሁለት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰች መልሰሽ አሳዪው፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ።